ንጉሡ ባማጡ ዕለት

የዚያችን አገር ስም ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። ስሟን ብናገር ሰው ነገሩን ትቶ ስሟን ይዞ ይሄዳል፤ «የት ናት? ከማን ጋር ትዋሰናለች?» ሲል ይመሻል። እኔ ደግሞ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ለክርክር የሚሆን ጥርስ የለኝም። እናንተ ብቻ አድምጡኝ፤ አገሪቱን በኋላ ራሳችሁ ታገኟታላችሁ።

በዚያች አገር መዲና፣ በአደባባዩ መካከል፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። በድንጋዩ ላይ «ያላማጠ አይዘዝ» የሚል ተቀርጿል። ያስቀረጸችው አገሪቱን ያቀናች ሴት ናት ይባላል። ዘጠኝ ልጆች ወልዳ፣ ዘጠኙም በተጣሉ ቁጥር አስታርቃ፣ አንዱንም ሳታስርብ አሳድጋ ስትጨርስ፣ ሰውን ለመምራት ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት የለም ብላ ነው ያስቀረጸችው። ከእርሷ በኋላ ለብዙ ዘመን አገሩን የመሩት እናቶች ነበሩ። ከዚያ ጦርነት መጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ ዙፋኑ ላይ ወንድ ተቀምጦ ተገኘ፤ እንዴት እንደተቀመጠ የጠየቀ የለም።

አዲሱ ንጉሥ ድንጋዩን ሊያስነቅል ሞከረ፤ ሥሩ ጥልቅ ነበርና እምቢ አለ። ጽሕፈቱን ሊያስፍቅ ሞከረ፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። ያን ጊዜ አንድ ብልህ አማካሪ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ድንጋዩን ከሚያደክሙት ለምን አያምጡም?» አለው። ንጉሡም አማጠ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዚያች አገር ነገሥታት በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ያምጣሉ። በአደባባዩ ላይ ድንኳን ይተከላል፤ ንጉሡ በአልጋ ላይ ይጋደማሉ። ጢሙ ደረቱን የሸፈነ፣ ሊቀ አዋላጅ የሚባል ታላቅ ሹም እግራቸው ሥር ይቀመጣል። ወገብ ያዥ የሚባል ባለማዕረግ አለ፤ ከኋላ ሆኖ ወገባቸውን ይይዛል። ላብ ጠራጊም አለ፤ እሱ መጀመሪያ ግንባራቸው ላይ ውኃ ይረጭና ቀጥሎ ይጠርገዋል። ሊቀ ማቃሰት የሚባለው ደግሞ የንጉሡ ጉሮሮ እንዳይጎዳ ማቃሰቱን ይጀምርላቸዋል። ይህ ከእኩለ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። በመጨረሻ ሊቀ አዋላጅ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ መዝገብ ከአልጋው ሥር አንስቶ ከፍ ያደርግና «ሕዝብ ተወለደ!» ብሎ ይጮኻል። እልልታው ይቀልጣል። በመዝገቡ ውስጥ የሕዝቡ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። ንጉሡ ከዚያ በኋላ አራስ ናቸው፤ አርባ ቀን ገንፎ እየበሉ ይተኛሉ።

ያስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ዳሩ ግን ከዚህ የሚከተለው አያስቅም። ንጉሡ ካማጡ እናት ናቸው፤ «እናታችን» ተብለው ይጠራሉ። የአገሩ ሰው ሁሉ ልጃቸው ነው፤ ልጅ ደግሞ ለእናቱ አይመልስም፤ ስለዚህ አቤቱታ የሚባል ነገር የለም። ዘጠኝ ወር ተሸክመው የወለዱት ሴቶች በሕግ «ሞግዚት» ይባላሉ። አንዲት ሴት መንገድ ላይ «ልጄ!» ብላ ስትጣራ ዘበኛ ቢሰማት «የማን?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እርሷም «የእናታችን» ብላ ትመልሳለች። መልሳ ልጁን ለመጥራት ድምፅ ካገኘች ትጠራዋለች።

ከሁሉ የከፋው ግን እቅፍ ነው። ንጉሡ በአርባኛው ቀን ከአራስ ቤት ሲወጡ፣ በዚያ ዓመት አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ወንዶች በአደባባዩ ይሰለፋሉ። ከዚያ ወደ ድንበሩ፣ ቀይ ጉድባ ወደሚባለው ቦታ ይወሰዳሉ። እዚያ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ጉድጓዱን ይጠብቃሉ፤ በጉድጓዱ ይቀራሉ። የሚመለስ ጥቂት ነው። ይህ በአዋጅ «እቅፍ መግባት» ይባላል። «እናት ልጇን ብታቅፍ ምን ነውር አለው?» ይሉ ነበር ሹማምንቱ።

ስለ ምጡ ቀን አንድ ሕግ ልጨምርላችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የዞረው በእርሱ ነውና። «አገር በአንድ ቀን ሁለት እናት የላትም» ስለሚባል፣ በንጉሡ የምጥ ቀን ሌላ ሴት ማማጥ ክልክል ነው። ያማጠች እንደሆነ፣ በዚያ ዕለት በሕይወት አልነበረችም ተብላ በሟቾች መዝገብ ትጻፋለች። ሴቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ቀናቸው የደረሰው ከወንዙ ማዶ፣ ከከተማው ክልል ውጪ ይወሰዱ ነበር። ስለዚህ ሕጉ ከወጣ ጀምሮ የተመዘገበች ሴት አልነበረችም፤ እንዴት እንደሚሠራም የፈተነው የለም።

ሌላም ልማድ ነበር። በዚያች አገር ሴት አትጽፍም። ግን በወሊድ የምትሞት ብዙ ስለሆነች፣ ዘጠነኛ ወሯ የገባ ሴት ለማታየው ልጇ አንድ ብራና የስንብት ቃል እንድትተው ተፈቅዷል። ብራናው ሳይነበብ ይታሸጋል። በሰላም ከተገላገለች ይቃጠላል። ከሞተች በአርባኛው ቀን በአደባባይ ይነበባል፤ የሟች እናት ቃል ሲነበብ ማንም፣ ንጉሡም ቢሆኑ፣ አያቋርጠውም። ያወረሰችውንም ወራሹ ሳይፈቅድ ማንም አይነካውም። ይህ ከድንጋዩ ጋር የመጣ የጥንት ሕግ ነው። ሹማምንቱ ያልሻሩት ጉዳት ስለሌለው ነው፤ ቃሉን ሁልጊዜ የሚጽፈው የመዝገቡ ሹም ነበርና። «ልጄ ሆይ ታዘዝ፣ ትሕትና ይኑርህ፣ ደህና ሁን» — አለቀ።

በዚያ ዘመን ደብሪቱ የምትባል ሴት በአደባባዩ አጠገብ ትኖር ነበር። የብራና ፋቂ ልጅ ናት። አባቷ ያረጀ ብራና እንድትፍቅለት ሲሰጣት ፊደሉን አንድ ጊዜ አሳያት፤ ቀሪውን ስትፍቅ ለመደችው። ከመፋቋ በፊት ታነብ ነበር ማለት ነው። የስንቱን አዋጅ፣ የስንቱን ሹም ውዳሴ አንብባ በምላጭ አጥፍታዋለች። ሰው ከዚህ በኋላ አዋጅ አያስደነግጠውም።

ደብሪቱ ልመንህ የሚባል ልጅ ነበራት። የቤቱ በር ዝቅ ብሎበት አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ረጅም ልጅ ነው፤ በዚያ ዓመት አሥራ ስድስት ሞላው። ባሏ በመንፈቁ «ተጨማሪ እቅፍ» ተብሎ ተወስዶ ወሬው ጠፍቷል። እርሷ በአርባ ዓመቷ ፀንሳ ነበር። ልጇን ስታዘው እንኳ «ልመንህ፣ አንተ ቅበረኝ፣ እስቲ ውኃ አምጣልኝ» ትለው ነበር። ምርቃቱን ታውቁታላችሁ፤ አንተ እኔን ቅበር እንጂ እኔ አንተን አልቅበር ማለት ነው። በዚያች አገር ግን እናቶች ይህን ማለት ትተውት ነበር። የማይሆን ነገር መመኘት ያደክማል።

ዘጠነኛ ወሯ ሲገባ የመዝገቡ ሹም አለቃ ምንውየለት መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕግ ወዳድ ነው። ሕግ ወዳድ ሰው ምን ጊዜ ክፉ፣ ምን ጊዜ ደግ እንደሚሆን ራሱም አያውቅም።

«ደብሪቱ፣ የስንብት ቃልሽን ልጽፍልሽ ነው» አላት። «ወንድ ከሆነ ታዘዝ፣ ሴት ከሆነች ታዘዢ፤ ሌላው የተለመደው ነው።»

«አለቃ፣ እርስዎ አይድከሙ። ራሴ እጽፋለሁ።»

አለቃ ሕጉን ከጉያው አውጥቶ አገላበጠ። በራሷ እጅ ትጻፍ አይልም፤ በራሷ እጅ አትጻፍም አይልም። «ይሁን እንግዲህ» ብሎ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ብራና ሰጣት።

«እርሷን ለሌላ ያቆዩአት» አለችና ከግድግዳው ላይ አንድ ሙሉ የፍየል ብራና አወረደች።

«ይኼማ ፍየል ነው!»

«አዎ፣ አንድ ፍየል። ሕጉ አንድ ብራና ይላል፤ ልኩን ይናገራል?»

አለቃ እንደገና አገላበጠ። ልኩን አይናገርም። ላቡን ጠርጎ ወጣ። ደብሪቱ አሥራ አንድ ቀን ጽፋ ጨረሰች፤ አለቃም መጥቶ ሳያነብ አሸገው። ልመንህ «እማዬ፣ ምን ጻፍሽ?» ቢላት፣ «አንተ ቅበረኝ፣ ለአንተ አይደለም» አለችው።

የንጉሡ የምጥ ቀን ደረሰ። በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ነበርና ወንዙ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ንጉሡ ገና አልጋቸው ላይ እንደወጡ ደብሪቱን ምጥ ያዛት።

አዋላጇ እትዬ ዘርፌ ጭንቅ ላይ ወደቀች። «ኧረ በሞትኩት! ተነሺ ወንዙን እንሻገር!» አለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ያንን ወንዝ ዛሬ እንኳን እርጉዝ ጉማሬም አይሻገረው።»

«እንግዲያው ነጠላሽን ንከሺ! ድምፅሽን አታሰሚ!»

«እኔ የማምጠው በአፌ አይደለም» አለች ደብሪቱ፤ ወዲያው ጮኸች።

ጩኸቱ አደባባይ ደረሰ። ሊቀ ማቃሰት ንጉሡ ያለ እርሱ የጀመሩ መስሎት ደንግጦ ቆመ። ንጉሡም ሊቀ ማቃሰት የጀመረ መስሏቸው ተከትለው አቃሰቱ። ሁለተኛው ጩኸት ሲመጣ ግን ሁሉም ገባቸው። በድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የለመዱት ማቃሰት ነው፤ ከውጪ የሚመጣው ግን የእውነቱ ነበር፤ በአደባባዩ የቆሙ ሴቶች ሁሉ ሳያስቡት ሆዳቸውን ያዙ። ስምንት ሰዓት ላይ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ንጉሡ ገና አንድ ሰዓት ይቀራቸው ነበር።

ያቺ ሕፃን እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ ወዲያ ያለውን በቦታው ተገኝቼ አይቻለሁ፤ ምንም እንኳ ዓይኔ ገና ሰው ባይለይም።

የሊቀ አዋላጁ ስም ድልነሳሁ ነው። ከንጉሡ አልጋ ሥር እንደተነሳ በቁጣ «ሕጉ ይፈጸም! ትመዝገብ!» አለ። አለቃ ምንውየለትም መዝገቡን ይዞ ቤታችን መጣ። እናቴ ጡቷን አጉርሳኛለች።

«ደብሪቱ፣ አዝናለሁ፤ ሞተሻል» አላት።

«መቼ?»

«ዛሬ። ስምንት ሰዓት ላይ።»

«ይቺን ሳላጠባ?»

«ሕጉ ስለ ማጥባት አይናገርም።»

«ደግ ነው። ፊርማ ያስፈልጋል?»

«ሟች አትፈርምም» ብሎ ጻፈና ሄደ።

ጎረቤቶች ምን እንደሚሉ ግራ ገባቸው። ገንፎ ይዘው እየገቡ፣ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፤ ነፍስሽን ይማረው» ይሏት ነበር። እናቴም «አሜን፤ እናንተንም ያጽናችሁ» እያለች ትበላለች። እንዲህ እየሳቁ ሠላሳ ሰባት ቀን አለፈ። ልመንህ ብቻ አልሳቀም፤ አርባኛው ቀን የእቅፍ ቀን ነውና ይቆጥር ነበር።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ሊቀ አዋላጅ ድልነሳሁ ድንገት ነገሩ ታየው። ሴትዮዋ በንጉሡ ምጥ ቀን «ሞታለች»። አርባዋ የንጉሡ ከአራስ ቤት መውጫ ነው። አገሩ ሁሉ በሚሰበሰብበት ቀን ቃሏ ሊነበብ ነው! አለቃ ምንውየለትን አስጠራው።

«መዝገቡን አስተካክል። ሴትዮዋ በሕይወት አለች በል።»

«እሺ ጌታዬ። በሕይወት ካለች ግን በዚያ ቀን ያማጠችው እርሷ ናት። ድንጋዩ ያላማጠ አይዘዝ ይላል። ያማጠችማ...»

«ተው! ሞታለች።»

«ከሞተች ቃሏ ይነበባል።»

ሊቀ አዋላጅ ጢሙን ሲያፍተለትል ቆየ። «ምን ያህል ነው የጻፈችው?»

«አንድ ፍየል ይሆናል፣ ጌታዬ» አለ አለቃ።

አርባኛው ቀን መጣ። ንጉሡ ፊታቸው ከገንፎው ወዝቶ ወጡና ዙፋናቸው ላይ ተቀመጡ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ተሰልፈዋል፤ ልመንህ ቁመቱ ከሁሉ በላይ ይታያል። እናቴ እኔን አዝላ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች። ዘበኞቹ ያዩአታል፤ ግን የሞተች ሴት መቆሟን ማን ያስታውቃል? አለቃ ምንውየለት ማኅተሙን ሰብሮ፣ የፍየሉን ብራና በሁለት እጁ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ።

«ልጄ ሆይ፣ ፊትሽን ሳላይ የምጽፍልሽ እናትሽ ደብሪቱ ነኝ። ሴት መሆንሽን ልቤ ነግሮኛል። ሌሎች ታዘዢ ብለው ይጽፋሉ። እኔም ታዘዢ እልሻለሁ፤ የሚያዝሽን ግን አስቀድመሽ እወቂው። እናትሽ ነኝ የሚል ቢመጣብሽ አትስደቢው። ጠይቂው። ወንድምሽ ልመንህ የመጀመሪያ ጥርሱን ያወጣው በስንተኛ ወሩ ነው? ኩፍኝ ይዞት ስንት ቀን ተኛ? የሚፈራው ምንድን ነው? ይህን ጠይቂና እስኪመልስልሽ ዝም በዪ።»

አለቃ እዚህ ላይ አንገቱን ቀና አደረገና፣ «‹አንባቢው አንድ ዋንጫ ውኃ የሚጠጣበትን ያህል ዝም ይበል› ይላል» ብሎ ዝም አለ።

አገሩ ሁሉ ዝም አለ። የሰው ዓይን አንድ በአንድ ወደ ዙፋኑ ዞረ። ንጉሡ ተቁነጠነጡ። ወደ ሊቀ አዋላጅ ጎንበስ ብለው፣ «ልመንህ ማን ነው?» አሉ። በቀስታ ነበር የተናገሩት፤ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ።

አለቃ ምንውየለት ጣቱን አነሣ። «እናታችን፣ የሟች ቃል አይቋረጥም» አለና ቀጠለ።

«ካልመለሰልሽ እንግዲያው አዳምጪኝ፤ ስለ መንግሥት የማውቀውን ልንገርሽ። ማማጥ ቀላሉ ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ምጡን እርሽው ልጁን አንሽው ይባላል፤ እናትነት ልጁን ካነሱ በኋላ ነው። እናት እንጀራ ስትቆርስ የሁሉንም እጅ ታያለች። ሲመሽ ስንት ገቡ ብላ ትቆጥራለች፤ አንዱ ከጎደለ በሩን አትዘጋም። ልጇ ቢከራከራት ትቆጣለች፤ ተቆጥታም ትሰማዋለች። አገር የሚገዛ ሰው እናት ነኝ ካለ ከዚህ ይጀምር። ቀይ ጉድባ የገቡትን በየስማቸው ይጥራ። ልጁን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ አቅፌዋለሁ የሚል እናት አላየሁም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።

«ልጄ ሆይ፣ የማወርስሽ መሬት የለኝም። ወንድም ግን አለኝ ላንቺ የሚሆን። ልጄን ልመንህን አውርሼሻለሁ። አንቺ ሳትፈቅጂ ማንም አይውሰድብሽ። ጥርሱን ያወጣው በሰባተኛ ወሩ ነው። ኩፍኙ ዘጠኝ ቀን አስተኝቶታል። የሚፈራው ነጎድጓድ ነው፤ ስታድጊ እንዳትስቂበት። ልመንህ ሆይ፣ አንተ ቅበረኝ። ደብሪቱ።»

አንዲት ሴት ከኋላ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ሌላዋ። ለዓመታት በነጠላ ሲታፈን የኖረ ልቅሶ ነው፤ ዘበኞቹ «የማን?» ብለው ለመጠየቅ አፍ አጡ።

ሊቀ አዋላጅ ድልነሳሁ ግን ሹም ነው፤ ሹም በለቅሶ አይመለስም። «ወራሹ ከፈቀደ ልጁ ይወሰዳል አይደል?» ብሎ አለቃን ጠየቀ። «ይወሰዳል» አለ አለቃ። ሊቀ አዋላጁ ካባውን ሰብስቦ ወደ እኔ መጣ። እናቴም ከጀርባዋ አውርዳ አቀረበችኝ። ጎንበስ ብሎ፣ ያ ሁሉ ጢም ፊቴ ላይ ወድቆ፣ «ወንድምሽ እቅፍ እንዲገባ ትፈቅጃለሽ?» አለኝ።

አገር እስኪሰማ አለቀስኩ።

«አልፈቀደችም» አለ አለቃ ምንውየለት፤ ጻፈውም። ኋላ ዳኛ ሆኜ ብዙ ፍርድ ሰጥቻለሁ፤ ይግባኝ ያልተባለበት ያ ብቻ ነው።

ልመንህ ከሰልፉ ወጣ። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ግን ሄዱ። ይህን አልደብቃችሁም። ወንድሜ እስኪሞት ድረስ ያንን ሰልፍ ሲያነሱበት ዓይኑን ይሰብር ነበር። በዚያው ቀን የሄዱት ልጆች እናቶች ቤታችን መጡ። ሊቆጡ የመጡ መስሎን ፈርተን ነበር። አንዲቱ፣ «ደብሪቱ፣ እኔ መጻፍ አልችልም። ታናሹ ለዓመት ይደርስብኛል» አለች።

እናቴም ማስተማር ጀመረች። ዘበኛ መጥቶ ሴት ፊደል ማስተማር ክልክል ነው ሲላት፣ «ሙታን አያስተምሩም የሚል ሕግ ካለ አምጣ» አለችው። አለቃ ሲጠየቅ አገላብጦ አጣው። በዚያ ዓመት በአገሩ የፍየል ብራና ተወደደ። እናቴ በቀን ፊደል፣ በሰንበት ደግሞ ሕጉን ታስተምር ነበር።

የሚቀጥለው የምጥ ቀን ሲደርስ ሹማምንቱ ሁለት ቀን ቀድመው እርጉዞቹን ሁሉ ወንዝ አሻገሩ። አንዲት እርጉዝ በከተማው አልቀረችም። ንጉሡ በሰላም አልጋቸው ላይ ወጡ፤ ሊቀ ማቃሰት ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ እትዬ ዘርፌ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት አሮጊት፣ በደጃፏ ላይ ሰሌን አንጥፋ ተጋደመችና ማቃሰት ጀመረች። ከእርሷ ቀጥላ ጎረቤቷ። ከዚያ የአደባባዩ ዙሪያ፣ ከዚያ ገበያው፣ ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ ያለ ደጃፍ ሁሉ። ወጣቷም፣ መካኗም፣ የልጅ ልጅ ያየችውም አማጠች።

ሊቀ አዋላጅ ድልነሳሁ እየሮጠ ወደ እትዬ ዘርፌ ደረሰ። «አንቺ አሮጊት፣ ምን ሆድ አለሽና ነው የምታምጪው?» አላት።

«ንጉሡስ?» አለችው።

አለቃ ምንውየለት መዝገቡን ይዞ ወደ ድንኳኑ ገባ። ብዕሩን ቀለም ነክሮ ከአልጋው አጠገብ ቆመ። «እናታችን፣ ይወስኑልኝ» አለ። «የከተማው ሴት ሁሉ አምጣለች። አገሩ ሁሉ ሞቷል ብዬ ልጻፍ? ወይስ አገሩ ሁሉ ያዛል ብዬ?»

ንጉሡ የውጪውን ማቃሰት አዳመጡ። ወገብ ያዡ ወገባቸውን ለቀቀ። ከዚያ ከአልጋው ወረዱና ጫማቸውን ጠየቁ።

«ምንም አትጻፍ። ዛሬ አላማጥኩም» አሉ።

ያላማጠ አያዝም። ስለዚህ በዚያ ዓመት እቅፍ የሚጠራ ጠፋ፤ በሚቀጥለውም አልተጠራም። ቀይ ጉድባ ያሉትን ለመጥራት እናቶቹ ራሳቸው ሄዱ፤ በየስማቸው ተጣሩ። «አቤት» ያለ መጣ። አባቴ «አቤት» አላለም። እናቴ ሦስት ቀን ከጉድጓዱ አፋፍ ቆማ ስትጣራ ቆይታ ተመለሰች፤ እኔ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ቀሩ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ከድንጋዩ ሥር መሰብሰብ የጀመሩት እናቶች ሳይሰሙት ምንም ማዘዝ አይችሉም። «እናታችን» የሚላቸው ጠፋ። ገንፎም ቀረባቸው።

እናቴ በሰማንያ ሦስት ዓመቷ በእንቅልፏ አረፈች። ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። አለቃ ምንውየለት ካለፈ ቆይቷል፤ በቦታው የተቀመጠው ወጣት ሹም መዝገቡን ገልጦ ፈለገና ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«እትዬ፣ እናትዎ ከሞቱ አርባ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። መዝገቡ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበልም።»

«እንግዲያው ተወው» አልኩት።

ለቀብሯ የመጣው ሕዝብ አደባባዩን ሞልቶ ተረፈ። ልጆቻቸው ከቀይ ጉድባ ያልተመለሱ አሮጊቶች በምርኩዝ መጥተው ከፊት ተቀምጠው ነበር። መቃብሯን የቆፈረው ልመንህ ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ነጥቷል፤ ቁመቱ ግን እንደ ድሮው ነበር። ጎረምሶች ሊያግዙት ቢመጡ አካፋውን አልሰጥም አላቸው። ብቻውን ቆፈረ፣ ብቻውን አፈር አለበሳት፤ አሮጊቶቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩት ነበር። በዚያች አገር ልጅ እናቱን ሲቀብር ማየት ለእነርሱ ብርቅ ነው። ሲጨርስ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«እንዳዘዘችኝ አደረግሁ» አለ።